ደጋፊ ሆኜ ወደ ቶንጎ፣ አሰልጣኝ ሆኜ ወደ አሶሳ

ደሴ ያሉት እህቶቼ በደወሉ ቁጥር «እዚያ አገር ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። አስተምራለሁ እላቸዋለሁ። «እሱንማ እናውቃለን፤ ሌላስ?» ይላሉ፣ ከማስተማሩ ጀርባ የደበቅሁት ነገር ያለ ይመስል። ባለፈው ግንቦት «ኳስ ልደግፍ ቶንጎ ሄጄ ነበር» ስላቸው ስልኩን ይቀባበሉ ጀመር። በመጨረሻ ታላቄ «ቶንጎ ደግሞ በየት በኩል ነው? ቪዛ አይጠይቅም?» አለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ቶንጎን በዓይናቸው ለማያዩ ሰዎች ነው። ቪዛ አይጠይቅም። ጠንካራ ወገብ ግን ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አሶሳ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ጌታነህ እዚያው ጂኦግራፊ ያስተምራል። የማንቡክ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። የመምህራኑ ቡድን በረኛም እሱ ነው፤ ስለ በረኛነቱ ከተነሳ ንግግሩም ይረዝማል። ቡድናችን ከቶንጎ ቡድን ጋር ሁለት ጨዋታ ደርሶት የመጀመሪያውን አሶሳ ላይ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ቶንጎ ላይ እኩል ከወጣን መንጌ ለሚደረገው የዋንጫ ጨዋታ እናልፋለን። ቡድናችን ለዋንጫ የደረሰበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው በከተማው ስለሌለ፣ ደጋፊው ሁሉ «እንሂድ» አለ። እኔም አብሬ «እንሂድ» አልኩ።

ዓርብ፣ ከአሶሳ ባምባሲ

ተጫዋቾቹ በማግስቱ፣ ለስላሳ ወንበር ባለው የመሥሪያ ቤት ሚኒባስ እንዲመጡ ተወሰነ። አሰልጣኛቸው «መንገድ ላይ ማደር እግር ያሰንፋል» አለ። የደጋፊ እግር ቢሰንፍ ማን ግድ ይለዋል? እኛ ከክፍል እንደወጣን በአይሱዙ ጭነት መኪና ተነሳን። መኪናው ላይ የተማሪ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ወንበሮቹን ያስፈቀዱት የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ የደጋፊዎች መሪም እሳቸው። ሰፊ ሰውዬ ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ ከበሮ አንግተው ሲቆሙ ከበሮው የት እንደሚጀምር አይለይም። ከኬላው ሳናልፍ «አሸናፊ ነን» የሚለውን ዘፈን አስጀመሩን። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ዘፈኑን አቋርጠው «ቀስ! ወንበሩ የመንግሥት ነው!» ብለው ሹፌሩ ላይ ይጮሃሉ። በጭፈራችን መሃል ይህ ቁጣ ስለተደጋገመ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሁላችንም እንደ አዝማች መቀበል ጀመርን። «ወንበሩ!» ሲሉ «የመንግሥት ነው!» እንላለን።

ባምባሲ ስንደርስ ለማደር የመረጥነው ቤት ባለቤቷ «ኮታ፣ ኮታ! ግቡ!» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም ተቀበለችን። በረንዳዋ ላይ አንድ ግዙፍ የማንጎ ዛፍ ተንሰራፍቷል። እራት ልንበላ እንደተቀመጥን ቆርቆሮው ላይ «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ጋሽ ተሾመ የጎረሱትን ሳይውጡ ብድግ አሉና «ድንጋይ ነው! የቶንጎ ደጋፊዎች እዚህ ድረስ መጥተው ሊያስፈራሩን ነው!» አሉ። ከበሯቸውን እንደ ጋሻ ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። የተመለሱት ግን በእጃቸው የበሰለ ማንጎ ይዘው ነበር። ባለቤቷ ወገቧን ይዛ ስቃ ስታበቃ አንድ ሳፋ ሙሉ አምጥታ መሃላችን አስቀመጠች። «ውሰዱ፤ ፍየሎቹ እንኳ ሰልችቷቸዋል።»

ደሴ ማንጎ በመኪና ተጭኖ፣ ደክሞት ነው የሚመጣው። አባቴ አንዱን በቢላ ለስድስት ከፍሎ፣ ፍሬውን የሚመጥ ሰው በየተራ ይሰይም ነበር። ፍየል የሰለቸው ማንጎ አለ ብዬ ብነግራቸው እህቶቼ ውሸታም ይሉኛል።

ቅዳሜ፣ ከባምባሲ ቶንጎ

ከባምባሲ በኋላ መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ግራና ቀኙ ቀርከሃ፣ በቀርከሃው መሃል ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ቆሟል። ደሴ ያለ ሰው ኩይሳ ሲባል ጉንዳን የሠራት ትንሽ ጉብታ ይመስለዋል። የዚህ አገሩን በር ቢያወጡለት ያከራዩታል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ወንዝ ደረስን። ድልድይ የለውም። ሹፌሩ ወረደ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ እስከ ጉልበቱ ገባ፣ ውሃውን ትንሽ ተመለከተና ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። «እንዴት ነው?» አልነው። «በስመ አብ ነው» አለን። ተሻገርን። የፊት ጎማችን ዳር ላይ ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ። ደሴ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጦሳ ተራራ ጉም ይለብስና ልብስ ከገመድ ለማውረድ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ እንዲህ ያለ ጨዋነት የለም፤ በባልዲ ነው የሚደፋው። ሸራ ስላልነበረን ለጨዋታው ያሠራነውን ትልቁን አረንጓዴ ባንዲራችንን ዘርግተን ተጠለልንበት። ጨርቁ ከየት እንደተገዛ አላውቅም፤ ቀለሙ ግን አብሮን ሊሄድ የመጣ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ባንዲራው ነጣ፣ እኛ አረንጓዴ ሆንን።

ቶንጎ የገባነው እንዲህ ሆነን ነው። የገበያው ሰው ሥራውን አቁሞ አየን። አንዲት ሴት ዓይኗን ሸፈነች፤ አንድ ሽማግሌ «አሶሳ ምን አገኘው?» ብለው በሐዘን ጠየቁ። ጋሽ ተሾመ ፂማቸው ጭምር አረንጓዴ ሆኖ «የቡድናችን ቀለም ነው!» ብለው መለሱ፤ ሆን ብለን የተቀባን አስመሰሉት። ከዚያ በኋላ ሰዉ አከበረን።

ለማደሪያ ያሰብናቸው ቤቶች ግን ከየገጠሩ ለጨዋታው በመጣ ሰው ሞልተዋል። ተሰብስበን መንገድ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ቀጠን ያሉ፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው መጡ። አቶ ረመዳን ይባላሉ፤ የቶንጎ ቡድን አሰልጣኝ ናቸው። «እንግዳ ውጭ አድሮ ብናሸንፍ ምን ዋጋ አለው?» አሉና ወንዶቹን በየሰዉ ቤት አከፋፈሉ፤ እኛን ሦስቱን ሴቶችና ጋሽ ተሾመን ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዱን።

ባለቤታቸው ዘይነብ በር ላይ አይታኝ ደነገጠች፤ ከዚያ እጄን ስባ አስገባችኝ። «ግባ፣ ግባ! ልብስህ አውልቅ፣ ይደርቃል! ይሄ ውሃ፣ ይሄ ሳሙና፣ ታጠብ!» አሶሳ ከመጣሁ ወዲህ «አንተ» መባልን ለምጄዋለሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ብዙ ሰው ወንዱም ሴቱም አንድ ነው። ደሴ አንድ ሰው እንዲህ ቢጠራኝ ልሰደብ ነው እል ነበር፤ እዚህ ግን ሳሙናም ፎጣም አስከትሎ ነው የሚመጣው። ታጠብኩ፤ ለመልቀቅ የተስማማው የፊቴ ቀለም ብቻ ነው። ዘይነብ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝና ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ በስኳር አጠጣችኝ። በኋላ ጠጋ ብላ «ወንድሜ ኑር በረኛ ነው። ነገ አንተ እሱን አትሳደብ፣ እሺ?» አለች። የእኛም በረኛ ባሌ መሆኑን ስነግራት ሳቀችና እጄን መታች፤ «ኸላስ! አንተ የኔን አትሳደብ፣ እኔም ያንተን አልሳደብ» አለች። ተስማማን።

አቶ ረመዳን ከደጅ ፍየል እየጎተቱ መጡ። «እኛ ያረድነውን እንደማትበሉ እናውቃለን። ይኸው ፍየሉ፣ ይኸው ቢላው፤ ራሳችሁ እረዱት» አሉን። ወሎም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሠርግ እንዲህ ነው የሚያደርጉልን። ይህን ያህል መንገድ ርቄ ያንኑ ደግነት ሳገኝ ደሴ ቤታችን የገባሁ መሰለኝ። ስሜቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም የእድሜ ታላቅ በመሆናቸው ቢላው የተሰጠው ለጋሽ ተሾመ ነው። እሳቸው ደግሞ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ጎረቤት የሚሄዱ ሰው ናቸው። ቢላውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «በስመ አብ» ማለት ጀመሩ። ጸሎቱ ረዘመ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ገመዱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ፍየሉ ገበያው መሃል ገባ። እኛም ተከተልነው፤ አረንጓዴ ደጋፊ ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ ሩጫውን ተቀላቀለ። ፍየሉ ሽንኩርት ዘልሎ፣ ጨው ዘልሎ በአንድ የልብስ ሰፊ በረንዳ ፊት ሊያመልጥ ሲል፣ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ተወርውሮ አየር ላይ በሁለት እጁ ቀለበው፤ አቅፎትም ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰውዬው በሠላሳዎቹ ውስጥ ይሆናል፤ መቀስ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነሳ፣ ፍየሉን አስረከበኝና ደረቱን መታ። «አጣሂር ይባላል። እኔ በረኛ ነው!»

አቶ ረመዳን በጆሮዬ «ተቀያሪ በረኛ» አሉኝ።

«ዓመት ሙሉ ተቀያሪ!» አለ አጣሂር ሰምቶ። «አንድ ቀን እኔ ተጫወተ? አልተጫወተም! ለምን? ኑር የሚስት ወንድም ነው፣ እኔ የማን ወንድም ነው?»

አቶ ረመዳን ወደ ፍየሉ ዞሩ። በመጨረሻ ፍየሉን ያረደው ሹፌራችን ነው። ዘይነብ በባሚያ የሠራችው ወጥ ከገንፎ ጋር ቀረበ፤ ጋሽ ተሾመ ካሳደዱት ሥጋ ላይ ከሁሉም የበለጠ በሉ።

ተጫዋቾቹ ማምሻውን መድረስ ነበረባቸው። አልደረሱም። ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ ዳር ያለች አንዲት ኩይሳ ላይ ሲወጡ ነው፤ ወጥቼ ጌታነህ ጋ ደወልኩ። አይነሳም።

እሑድ፣ ቶንጎ

ጠዋት በሞተር ሳይክል የመጣ ሰው ወሬውን አመጣ። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶታል፤ ሚኒባሱ ከወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ተጫዋቾቹ እዚያው ቁጭ ብለው አድረዋል። ውሃው መቼ እንደሚጎድል ውሃው ያውቃል።

ሜዳው ግን ከረፋዱ ጀምሮ ሞላ። ዳኛው ወንዙ ሳይሞላ ከባምባሲ የመጡ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ «ቡድን ከሌለ ፎርፌ ነው፤ ሕጉ ሕግ ነው» አሉ። ከቶንጎ ቡድን ሰዎች አንዱ ፈጠን ብሎ «እንግዲያው አልፈናል ማለት ነው» አለ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቀለም!

አቶ ረመዳን ሰውየውን በዓይናቸው ዝም አሰኙት። «ይኼ ሁሉ ሕዝብ በእግሩ የመጣው ፎርፌ ሊያይ ነው? ፎርፌ ምኑ ይታያል?» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ደጋፊዎቹ ይጫወቱ። አሥራ አንድ ሰው አያጡም። ቡድናቸው ከደረሰ ደግሞ ይቀይሩ» አሉ። ዳኛው ጥቂት አስበው «ሁለታችሁም ከተስማማችሁ እኔ ፊሽካዬን እነፋለሁ» አሉ።

አሥራ አንድ ሰው ፍለጋ ተጀመረ። ወጣት ረዳት መምህራን ነበሩን፤ እነሱ ተሰለፉ። ቀጥሎ ሮጠው የማያውቁ ተሰለፉ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ተሾመ ቀሩ። ማሊያ አልደርስ ስላላቸው የፊታቸውን በማሊያ፣ የጎናቸውን በመርፌ ቁልፍ ሸፍነው የግራ ተከላካይ ሆኑ። በረኛ ግን ጠፋ። ኳስ ፊቱን እንዲመታው የፈለገ ሰው አልነበረም።

«በረኛ እኛ እንሰጣችኋለን» አሉ አቶ ረመዳን፤ ከንፈራቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበረች። «አጣሂርን ውሰዱ።»

አንዱ የቶንጎ ተጫዋች ሳቁን ማፈን አቃተው። አጣሂር ግን ከሕዝቡ መሃል መቀሱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ እየሮጠ መጣ።

ዳኛው «አሰልጣኛችሁስ ማነው? ወንበሩ ላይ ተጠያቂ ሰው ይቀመጥ» አሉ። የቀረነው እኛ ሦስት ሴቶችና ሹፌሩ ነን። ሹፌሩ «እኔ ወንዙን ያሻገርኩበት ይበቃኛል» ብሎ መኪናው ሥር ተኛ። ጓደኞቼ ሁለቱም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ ክፍል ውስጥ ድምፄ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል ይላሉ። እንዲህ ነው አሰልጣኝ የሆንኩት።

አጣሂር ወደ ጎሉ ከመሄዱ በፊት መጣና «አሰልጣኝ፣ አትፍራ። እኔ አለ» አለኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። የቶንጎ ልጆች ፈጣን ናቸው፤ የእኛዎቹ ደግሞ ኳሱን ሲያገኙ ለማን እንደሚሰጡት ግራ ይገባቸዋል። ኳሱ እኛ ጎል አካባቢ ቤት የሠራ እስኪመስል ድረስ ቆየ። አጣሂር ግን ያዘ። የቀኝ ክንፉን ያዘ፣ የግራውን ያዘ፣ ከቅርብ የተመታውን በጉልበቱ መለሰ። እያንዳንዱን ኳስ ከያዘ በኋላ ለመቺው ንግግር ያደርግለታል። «አንተ ሁልጊዜ በግራ ትመታል! እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንተን ሲያይ ስንት ጊዜ ነው? አውቃለሁ!» ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው እስካሁን የቶንጎን ተጫዋቾች ከወንበር ላይ ሆኖ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ ማን ከመምታቱ በፊት ወዴት እንደሚያይ ያውቃል። ሕዝቡ መጀመሪያ ሲስቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሳቁ ቆመ። በኋላ አንድ ጥግ ላይ «አጣሂር! አጣሂር!» የሚል ድምፅ ተነሳ። የራሳቸውን ቡድን ጎል የሚከለክልባቸውን ሰው!

የገባብን ጎል የቶንጎ አልነበረም። አንድ ኳስ ከማዕዘን ተሻማ፤ ጋሽ ተሾመ ሊሸሹት ዞሩ፤ ኳሱ ጀርባቸውን መትቶ ገባ። አጣሂር መረቡ ውስጥ ቆሞ ሰማይ አየ። «ወላሂ ይሄ የኔ አይደለም! ቶንጎ አላገባም! አባባ ነው ያገባው!» ብሎ ለሕዝቡ አስታወቀ። ጋሽ ተሾመ እጃቸውን አውጥተው አመኑ።

አንድ ለዜሮ ተመርተን ለእረፍት ወጣን፤ በድምሩ አንድ እኩል ማለት ነው። ልክ ያኔ ከመንገዱ በኩል የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ተጎታቹ ላይ፣ በማገዶ እንጨት መሃል ተሰክተው፣ የእኛ ተጫዋቾች ቆመዋል! ውሃው ሲጎድል በእግራቸው ተሻግረው ከአንድ ገበሬ ጋር ነው የመጡት። አቶ ረመዳን በቃላቸው መሠረት «ይቀይሩ» አሉ። ደጋፊዎቹ ተራ በተራ እየወደቁ ወጡ፤ ጋሽ ተሾመ በሁለት ሰው ተደግፈው።

ጌታነህ እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሷል፤ ጓንቱ ግን ንጹህ ነው፤ በሁለቱም እጁ አጥልቆ መጣ። «ሰኒ፣ ዝግጁ ነኝ» አለኝ። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል።

ከጎኑ አጣሂር ቆሟል። ከጸጉሩ እስከ ጣቱ ጭቃ ነው። ደረቱን አልመታም። «አሰልጣኝ፣ እኔ ይወጣል?» አለ ብቻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ዋናውን አሰልጣኛችንን ፈለግሁ። ወንዝ ዳር ሲያድር ድምፁ ተዘግቷል፤ ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ «አንቺ ጀምረሽዋል፣ አንቺው ጨርሺው። እኔ በባልና ሚስት መሃል አልገባም» ብሎ አንሾካሾከና ከጀርባዬ ተቀመጠ።

በትዳር የኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞሩ ብል ማጋነን ይሆናል። በዓይኔ ላይ የዞረው ያ በግራ የሚመታው ልጅ ነው። ጌታነህ በግራ እንደሚመታ አያውቅም። ማሸነፍ ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ጌታነህ፣ ጓንቱን አውልቀው» አልኩት።

«ምን?»

«ለአጣሂር ስጠው። እሱ በባዶ እጁ ነው ሲጫወት የቆየው።»

አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አወለቀው። ሰጠውም። ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ ከእኔ ራቅ ብሎ ከጫፉ ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ግማሽ ያለ ጎል አለቀ። እኛ ሁለት ጊዜ የጎሉን ቋሚ መታን፤ እነሱ አጣሂርን ብዙ ጊዜ መቱ። ወደ መለያ ምት ሄድን። አንዱ ሲያገባ ሌላው ሲያገባ ቆይቶ፣ አጣሂር አንዱን በእግሩ መለሰ፤ እኛ የመታናቸውን አራቱንም አገባን፤ አንድ ምት ይቀረናል። የቶንጎ የመጨረሻው መቺ ካልሳተ ውድድሩ ይቀጥላል፣ ከሳተ አለቀ። ከመሃል ሜዳ ወደ ኳሱ የመጣው ኑር ነው፤ ዋናው በረኛ፣ የዘይነብ ወንድም። ጉልበተኛ መቺ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

አጣሂር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። ዘይነብን በዓይኔ ፈለግሁ፤ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች። ኑር ተንደርድሮ መታ። አጣሂር ወደ ቀኝ ተወረወረ፤ ትናንት ፍየሉን እንደያዘው በሁለት እጁ ያዘው፤ አቅፎትም ተንከባለለ።

አሸነፍን! ዘለልን፣ ተቃቀፍን፣ ከበሮው ተመታ። ግን ማንም አላየንም። የቶንጎ ሕዝብ ከአራቱም ማዕዘን ሜዳውን ሰብሮ ገብቶ አጣሂርን በትከሻው ተሸከመ። ሴቶች እልል አሉ። ከውድድሩ መውጣታቸው ማንንም አላሳሰበውም። አንዱ ሽማግሌ እያለቀሱ «የኛ ልጅ ነው! የኛ ልጅ ነው!» ይላሉ። እኛ አሸናፊዎቹ ለብቻችን ጥጉ ላይ ቆመን ሰልፉ ወደ ገበያው ሲሄድ አየን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሽ ተሾመም ከበሯቸውን ይዘው ሰልፉን ተቀላቀሉ።

አቶ ረመዳን ከጎኔ ቆመው ነበር። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወለቁና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ዓመት ሙሉ አስቀምጬዋለሁ» አሉና ወደ ዘይነብ ተመለከቱ። «ዛሬ ሚስቴ ጋ እንዴት እንደምገባ ንገሪኝ።»

«እኔስ ባሌ ጋ?» አልኳቸው።

ማታ ዘይነብ እራት ስታቀርብ «አጣሂር ዛሬ ቤቴ አይበላም!» ብላ ማለች። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ትልቅ ሳህን በክዳን ሸፍና ለጎረቤት ሰጠች። «ለሱ ውሰድ፤ እኔ ላከ አትበል» አለችው። ጌታነህ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ከኑር ጋር ሲያወራ አየሁት። ሁለቱ በረኞች ስለ ሜዳው እርጥበት በሰፊው ተግባቡ።

ሰኞ፣ ወደ አሶሳ

ዘይነብ ያለበሰችኝን ቀሚስ ልመልስ ስል «ያንተ ነው» አለችና አንድ ዘንቢል ለውዝ ጨመረችበት። አጣሂር በረንዳው ላይ ሱሪ እየሰፋ ነበር፤ ዙሪያውን ሰው ቆሟል። እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ «አሰልጣኝ! ረመዳን ነገረኝ፤ ከዛሬ ዋናው በረኛ እኔ ነው!» አለ። ጓንቱንም ለጌታነህ መለሰለት፤ ሌሊቱን አጥቦ፣ የተቀደደውን አውራ ጣት በጥቁር ክር ሰፍቶ።

ጌታነህ «አመሰግናለሁ» አለው። እስከ አሶሳ ድረስ ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ብቸኛ ቃል ይኸው ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ እሱ ማዶ ወደቆመው ሚኒባስ ሄደ፤ እኔ አይሱዙው ላይ ከጋሽ ተሾመ ጋር ቀረሁ። እሳቸው ወገባቸውን ማንቀሳቀስ ስላቃታቸው አግዳሚው ላይ ተጋድመዋል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ተጓዘ። ቤት ስንገባ ጌታነህ የታጠበውን ጓንት እንደገና አጠበ።

ለመንጌው ጨዋታ ቡድናችን አጣሂርን እንዲያበድሩን ወደ ቶንጎ ሰው ልኮ ነበር። አቶ ረመዳን «ዋና በረኛ አይበደርም» ብለው መለሱ። ስለዚህ መንጌ ላይ በረኛችን ጌታነህ ሆነ፤ እኔም ወደ ደጋፊነቴ ተመለስኩ። ሦስት ገባበት። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየና፣ ከብዙ መንገድ በኋላ ዞረ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «ዛሬ አሰልጣኝ ብትሆኚ ስንተኛው ጎል ላይ ታስወጪኝ ነበር?»

«ማን አስገብቶህ!» አልኩት።

ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ሲወጣ የፊት ወንበር ላይ የተኙት ሁሉ ነቁ።